አልከፈት ያለው ቪዲዮ እና ሲስተር ጥሩወርቅ

ጋሽ ታደለ ስልክ አይደውሉም። በቀዶ ሕክምና የድምፅ ሳጥናቸው ከወጣ ወዲህ የሚፈልጉትን ጽፈው ይልካሉ እንጂ ለማንም ደውለው አያውቁም። ስለዚህ በቅርቡ እናቴን ልጠይቅ ማክሰኝት ሄጄ ሳለ፣ ገና በማለዳው ስልኬ ጮኾ ስማቸውን ሳይ፣ ከአልጋዬ ዘልዬ ወርጄ አነሳሁት።

«ሃሎ፣ ጋሽ ታደለ?»

አንገታቸው ላይ ባለችው ቀዳዳ የሚገባና የሚወጣ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ።

«ሲስተር ደህና ናት?» አልሁ።

ትንፋሹ ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ መልእክት ገባ፤ «ጥሩወርቅ አረፈች። ልቧ ነው አሉኝ። ለሰው ሁሉ ጻፍሁ፤ ላንቺ ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ያገኘሁትን ሚኒባስ ይዤ ወደ ባሕር ዳር ገሠገሥሁ። መቀመጥ አቃተኝ። ሾፌሩ ሰው ሊጭን በቆመ ቁጥር እቆጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ረዳቱ «እህቴ፣ ምን ሆነሻል? እንደርሳለን እኮ» ሲለኝ «ንዳው በለው» አልሁት። ሲስተር ጥሩወርቅ በእኔ ቦታ ብትሆን ኖሮ ወርዳ በእግሯ ትቀድመው ነበር።

ያወቅኋት ባሕር ዳር ዳርቻ ዘንዘልማ፣ ግቢዋ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ስከራይ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ መምጣቴ ነበር። ሰፈሩ ያን ጊዜ ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ ገና ያልተለሰነ ቤት ነው። እሷ ከሆስፒታል ጡረታ ከወጣች ብዙ አልቆየችም። ቤቱን ልታሳየኝ ከፊቴ ስትሄድ ሮጥ ሮጥ እያልሁ ተከተልኋት። በሩን ከፈተች፣ መብራቱን አብርታ አጠፋች፣ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች፣ «ይኸው ነው፤ ነገ ግቢ» ብላ ወጣች። እኔ ገና ደፉን አልተሻገርሁም።

በልማዳችን «እርስዎ» ብላት ተቆጣች።

«ሲስተር በይኝ፤ አንቺ በይኝ። እርስዎ የሚባለው እሱ ነው፤ መቀመጥ የሚወደው» ብላ ወደ ባሏ ጠቆመች። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት ጋሽ ታደለ ቀና ብለው ሳቁ። በዚሁ ጸና። እሳቸውን እርስዎ፣ እሷን አንቺ እያልሁ ኖርሁ።

ሲስተር የምትበላው ቆማ ነው። በአንድ እጇ ስልክ ይዛ እያወራች በሌላው ልብስ ታሰጣለች። ትናንት የታጠበውን በረንዳ ዛሬ ታጥበዋለች። የሰው ክፍል ሳታንኳኳ ትገባለች፤ መታመሜን ለማንም ሳልናገር ግንባሬን ዳስሳ፣ ምላሴን አስወጥታ፣ የሚዋጠውን አዝዛ፣ «ተነሽ፤ መኝታ ያባብሰዋል» ብላኝ ትሄዳለች። ሰው ወሬ ሲያረዝምባት ጣቷን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፤ «እሺ፣ መጨረሻው?» ማለቷ ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው ድንገተኛ ክፍል ነበር። «እኔ ክፍል ውስጥ 'ቆይ' የሚል ቃል አልነበረም» ትለኝ ነበር፤ ቤቷንም የያዘችው እንደዚያ ክፍል ነው።

ጋሽ ታደለ ግን ሌላ ነበሩ። ዘመናቸውን ጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የሞተር ጩኸት አልፎ የሚሰማ፣ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነበራቸው። ጓደኞቻቸው፣ ታደለ ወደቡ ላይ ቆሞ ሲያስነጥስ ደሴት ላይ ያሉት መነኮሳት «ይማርህ» ይላሉ እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ሆነው ያወራሉ፤ እሷ ግቢውን እየዞረች ትሰማለች። ግቢው በእሷ እግርና በእሳቸው ድምፅ የተሞላ ነበር።

ያ ድምፅ መሻከር ሲጀምር ማንም ልብ አላለውም። ጉንፋን መሰለን። ሳይለቃቸው ሲቀር ሲስተር አዲስ አበባ ይዛቸው ሄደች። ስትመለስ ሻንጣውን ሳታስቀምጥ ነበር የነገረችኝ።

«እጢ ነው። ይቆረጣል። ይድናል፤ ድምፁ ግን ይሄዳል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።» ጣቷን ጠቅ ጠቅ አደረገች። «ቀጠሮው ሩቅ አይደለም። ቶሎ ማለት አለብኝ።»

ቶሎ ማለቷ ምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። ሠርግ በቪዲዮ ከሚቀርጸው ከአክስቷ ልጅ ከቢኒያም የገዛችውን የቪዲዮ ካሜራ ይዛ ግቢው መሐል ቆማለች።

«ስልክሽ አይቀርጽም እንዴ?» አልኋት።

«ስልክ ሰው ሲደውል ይቋረጣል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ይኼ ኤችዲ ነው። የጥርሱን ቀለም ሳይቀር ያወጣዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን አላስቀመጠቻቸውም። ወደቡ ላይ፣ ታንኳዎቹ የሚታሰሩበት ዳር፣ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጸጉር አስተካካዩ ቤት ሳይቀር ቀረጸቻቸው። እኔም ሥራ በሌለኝ ቀን እከተላቸዋለሁ። እሷ ስትቀርጽ እንኳ አትቆምም፤ እየተራመደች ነው። «ጮክ በል! ነፋስ ወሰደው! ያ ደሴት ማን ይባላል? ድገመው!» ትላለች። እሳቸው ድንጋዩን በስሙ፣ ደሴቱን በስሙ፣ የነፋሱን አቅጣጫ በስሙ እየጠሩ ይናገራሉ። አንዳንዴ ድምፃቸው በመሐል ይሰነጠቅና ውሃ ይጎነጫሉ። እሷ ካሜራውን አታጠፋም።

ለሕክምናው ሊሄዱ ሲሉ የቀረጸችውን አላየሁም፤ ሥራ ላይ ነበርሁ። የተባባሉትን የሰማሁት በኋላ ከራሱ ከቪዲዮው ነው። ጋሽ ታደለ ሳሎን ተቀምጠዋል።

«አሁን ደግሞ ቤዛን መርቃት» ትላለች። ቤዛ አንድ ልጃቸው ናት፤ ያን ጊዜ ሐዋሳ ትማር ነበር።

«ለፈተና ነው?»

«ለሠርጓ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቱ እኮ አልታጨችም። ባል በሌለበት ማንን ልመርቅ?»

«ባሉ ይመጣል። ያን ጊዜ አንተ ድምፅ አይኖርህም።»

ነገሩን እንዲህ ገልጣ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ካሜራው እንኳ ለአንድ ጊዜ ሳይንቀጠቀጥ ቆሟል። ከዚያ ጋሽ ታደለ ቆባቸውን አወለቁና መረቁ።

ከቀዶ ሕክምናው ሲመለሱ አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አድርገው ነበር። ሰውነታቸው ቶሎ አገገመ። ግቢው ግን ጸጥ አለ፤ ያ ጸጥታ እሷን ሊያሳብዳት ደረሰ። በነጋታው ሬዲዮ ገዝታ ከጥዋት እስከ ማታ ከፈተችው። ድስት ስታስቀምጥ ታጋጫለች፣ በር ስትዘጋ ታላጋለች። ጋሽ ታደለ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ «ምን? ምን አልህ? ጻፈው!» ትላለች። መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ እስኪጨርሱ አትጠብቅም፤ ስልካቸውን ነጥቃ ግማሹን አንብባ ግማሹን ራሷ ትሞላዋለች፤ ብዙ ጊዜ ትሳሳታለች። አንድ ቀን እንዲህ ስታደርግ ስልካቸውን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን ሙሉ ምንም አልጻፉም። እሷ ከሰዓት በኋላውን ግድግዳ ስትፈገፍግ ዋለች።

ካሜራውም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አንዳቸውም አላነሱትም።

ቤዛ ተመርቃ ባሕር ዳር ሥራ ከያዘች በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው የግቢው በር እንደተዘጋ ሲስተር እኔ ክፍል ገብታ ካሜራውን ላፕቶፔ ላይ አስቀመጠችው።

«አውጪው።»

«ምኑን?»

«ምርቃቱን! ለሠርጓ ቴሌቪዥን ላይ እናሳየዋለን። አንቺ ኮምፒዩተር ታውቂያለሽ።»

እኔ የማውቀው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ላፕቶፔ ላይ ግን ፎቶና ቪዲዮ የሚያቀናብር ቀላል ፕሮግራም ነበር፤ የእህቴን ልጅ ልደት ሠርቼበታለሁ። ከባድ አይሆንም አልሁ። ገመዱን ሰካሁ። ፕሮግራሙ ምንም መሣሪያ አልተገኘም አለኝ። ነቅዬ ሰካሁ። አሁንም የለም። ሲስተር ከኋላዬ ቆማ አንዴ በቀኜ፣ አንዴ በግራዬ ትመጣለች። ቢኒያምን ደወልንለት፤ ጎንደር ነው የሚኖረው። ካሜራው በባትሪ ብቻ ከኮምፒዩተር ጋር እንደማይገናኝና ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ መሰካት እንዳለበት ነገረን። ቻርጀሩን ፈልገን ስናገኝ መብራት ጠፋ።

መብራት እስኪመጣ ያን ቀን የሄደችው መንገድ አንድ ላይ ቢቀጠል ጢስ ዓባይ ያደርሳል። ከክፍሌ በር እስከ ግቢው የውሃ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ እስከ በሩ። «እንዴት ሰው እጁ ላይ ያለውን ነገር ማግኘት ያቅተዋል?» እያለች ትነጫነጫለች።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። ካሜራውና ላፕቶፑ ተዋወቁ። ቪዲዮዎቹን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼ ተጫንሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከጥቁሩ ውስጥ ግን «ልጄ ቤዛ» የሚል ድምፅ ወጣ።

ክፍሌን ሞላው። ያንን ድምፅ ከሰማን ስንት ጊዜ! እኔ ወንበሬን ያዝሁ። ሲስተር አፏን በእጇ ከደነች። በተከፈተው በር ጋሽ ታደለ ታዩኝ፤ ግቢው ውስጥ የጎመን መደብ ያጠጣሉ። ቀና አሉ። የያዙት ጎማ ውሃውን እግራቸው ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ሳይዘጉት መሬት ጥለውት፣ በረጠበ ጫማቸው ከግቢው ወጡ።

ሲመለሱ ለሁለታችንም አንድ መልእክት ላኩ። «ያ ሰውዬ የለም። ተዉት።»

ሲስተር በረንዳው ላይ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች። «የለም? ማን ነው ታዲያ እዚህ የተቀመጠው? ልጅህ ጉልበትህን ስማ ስትነሳ ምን ትስማ? የእኔን ድስት ጩኸት?»

መለሱላት፤ በከንፈራቸው። እሷ አልገባትም። እሳቸውም አልጻፉትም።

ሥራው ግን አልቆመም። ምስሉን ፕሮግራሙ እንደማያነበውና መጀመሪያ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር እንዳለበት ደረስንበት። ላፕቶፔ አሮጌ ነበር፤ አንዱን ለመቀየር ከምሳ እስከ ማታ እየጋለ ይጮኻል፤ እሷ እንደ ሕመምተኛ በየደቂቃው ትዳስሰዋለች። ተቀይሮ ሲያልቅ ምስሉ መጣ፤ ሰውዬው ግን እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ማበጠሪያ የሄደበት ይመስል መስመር መስመር ይሆናል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከንፈርና ድምፅ አለመግጠማቸው ነው። ከንፈራቸው «ቤዛ» ይልና ይዘጋል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል።

«ይኼ አይሆንም» አለች። «የሌላ ሰው ድምፅ የተለጠፈበት ይመስላል። አስተካክይው።»

ድምፁን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እየገፋሁ ሞከርሁ። መጀመሪያ ላይ ሲገጥም መጨረሻው ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ሲስተር እንደዚያ ስታደርግ ያየኋት፤ ወንበር ስባ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ የባሏን ከንፈር ማጥናት ጀመረች። «አቁሚ። መልሽ። እዚህ ጋ 'ይሙላልሽ' ነው የሚለው፤ ከንፈሩ ሲገጥም እዪው። ድምፁ ግን ገና 'ቤት' ላይ ነው።» ድምፁን አጥፍተን ምስሉን ብቻ እንከፍታለን፤ እሷ ትላለች፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ከሥራ በመጣሁ ቁጥር እዚያው ላፕቶፑ ፊት አገኛታለሁ፤ ድምፅ አልባውን ባሏን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

አንድ እሑድ አብረን ምሳ ስንበላ ጋሽ ታደለ አፋቸውን ከፈት ዘጋ አደረጉ። ሲስተር ያየቻቸው ሳይመስለኝ ፈጥና ሚጥሚጣውን አቀረበችላቸው። እሳቸው ሚጥሚጣውን ትተው እሷን አዩአት። እሷ ግን ወሬዋን ቀጥላለች፤ ያደረገችውንም ያወቀች አይመስለኝም።

ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ ሌላ ነገር ገጠመን። ካሜራው ረዥም ቀረጻን ሲያስቀምጥ ቆራርጦ ነው። እኛ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ አውጥተን ስንቀጥለው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ነገር ይወድቃል፤ የወደቀው ደግሞ ምርቃቱ መሐል ነው። «ማዕበል ቢመጣ እጃችሁ ከ» ይላሉ፤ ምስሉ ጠቅ ብሎ ይዘልና «አይለይ» ይላሉ። ከምን አይለይ?

ሲስተር ልታስታውስ ብትሞክር አቃታት። ባሏን ጠየቀች። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «አንተው ያልኸውን እንዴት አታውቅም?» ብትላቸው ፈገግ ብለው ጎመናቸውን ማጠጣት ቀጠሉ። ይህች አንዲት ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። «ከእጃችሁ» ይሆን? «ከቤታችሁ»? ለእኔ ሥራ ቦታ ሳይቀር እየደወለች አዲስ ግምት ትነግረኛለች።

ከዚያ አንድ ረፋድ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተበርግዶ ገባች። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። ያደረገችው የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው፤ በዚያው ባጃጅ ላይ ዘላ ወጥታለች። ካሜራውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በተቆለሉት ወረቀቶች ላይ አስቀመጠችው።

«ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ታደለ ጠፋ።»

ካሜራውን ከፈትሁት። ምንም ቀረጻ የለም ይላል። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ያ የወደቀ ቃል ምናልባት ይገኛል ብላ፣ እኔ እስክመለስ መጠበቅ አቅቷት፣ ክፍሌ ገብታ ካሜራውን ራሷ ሰክታለች። ቪዲዮዎቹን ገልብጣ ማስቀመጥ ሲገባት ከካሜራው ቆርጣ ላፕቶፑ ላይ ለጥፋቸዋለች። ከዚያ በካሜራው ላይ ልታያቸው ስትል ባዶ ሆኖ ጠበቃት።

«ጥድፊያዬ ገደለኝ» አለች። «ሰው ሁሉ ቀስ በይ ሲለኝ ኖሯል። በሽታውንም ቀስ ብዬ ባየው ኖሮ ቀድሜ እደርስበት ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ ሮጥሁ። አሁን ደግሞ ድምፁን ራሴ ጣልሁት።»

ይህን ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ካሜራውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛ ጣቷን እንኳ ጠቅ አላደረገችም።

ቤት ስንደርስ ቪዲዮዎቹ ላፕቶፑ ላይ ተበታትነው አሉ። ቢኒያም ስልክ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ መራን። «አትደናገጡ። ካሜራው ውስጥ ባለው ካርድ ላይ ፎልደር በፎልደር ውስጥ አለ። ቪዲዮዎቹን ከነስማቸው ወደነበሩበት መልሷቸው። ካሜራው ይጠገን ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት።» መለስናቸው። ካሜራው ጠየቀ። ሁለታችንም ቁልፉን ለመጫን ፈራን።

በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ጋሽ ታደለ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያዩን አላውቅም። ገቡና በሚስታቸው ትከሻ ላይ አጎንብሰው ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት።

ካሜራው አሰበ። ከዚያ ትንንሾቹ ምስሎች አንድ በአንድ ተደረደሩ፤ ወደቡ፣ ታንኳዎቹ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ሳሎኑ። ሲስተር ግንባሯን ባሏ ክንድ ላይ ጣለች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉና ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቀለለ። ቢኒያም እንዳለን ቁርጥራጩን መልቀም ትተን ካርዱን እንዳለ፣ ከነፎልደሮቹ ገለበጥነው። የፕሮግራሙንም አዲስ እትም ጭነን ነበርና መጋጠሚያውን ራሱ ገጠመው። ከንፈርና ድምፅ ታረቁ። የወደቀው ቃልም ተገኘ፤ «ማዕበል ቢመጣ እጃችሁ ከመቅዘፊያው አይለይ።» ሲስተር ስትሰማ ጭኗን መታች። «መቅዘፊያ! የጀልባ ሰው ሌላ ምን ይላል? እኔ ደንቆሮ!»

የሠርጉ ቀን ቴሌቪዥኑን ግቢው ውስጥ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ አቆምነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ፣ ተበላ፣ ተዘፈነ። ልጅቱ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰና ሙሽሮቹ ጋሽ ታደለ ፊት ተንበርከኩ። ሲስተር የዳቦ ትሪ ይዛ እንግዶቹን ስታስተናግድ ነበር፤ ከድንኳኑ ማዶ ጣቷን ጠቅ አደረገችልኝ። ተጫንሁ።

የጋሽ ታደለ ፊት ቴሌቪዥኑን ሞላው። «ልጄ ቤዛ» አለ ያ ድምፅ። ድንኳኑ ውስጥ እልልታው ተቋረጠ። አንዲት አሮጊት «ወይኔ!» አሉ።

ጋሽ ታደለ እጃቸውን ወደ እኔ አነሱ። አቁሚ ማለታቸው ነው። አቆምሁ። ቆባቸውን አወለቁ፣ ተነሱ፣ አንድ እጃቸውን በልጃቸው ራስ፣ አንዱን በሙሽራው ራስ ላይ ጫኑ። አፋቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ምንም አይሰማም። ሰዉ ወዴት እንደሚያይ ግራ ገባው፤ ገሚሱ አቀረቀረ። ቤዛ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ማዶ የሲስተር ድምፅ መጣ።

«ልጄ ቤዛ» አለች፤ ትሪዋን እንደያዘች። ዓይኗ ከባሏ ከንፈር አልተነቀለም። «የገባሽበት ቤት ይሙላልሽ።»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

«ማዕበል ቢመጣ እጃችሁ ከመቅዘፊያው አይለይ።»

«አሜን!»

እኔ ቪዲዮውን በቃሌ ስለማውቀው እከተላቸው ነበር። ወዲያው ግን ጋሽ ታደለ ከቪዲዮው ወጡ። የሚሉት አዲስ ነው፤ የትም አልተቀረጸም። ሲስተር አልቆመችም። እሳቸው አንድ ሐረግ ብለው ያርፋሉ፣ እሷ ትደግመዋለች። «አንተም ልጄ፣ ስትቆጣ ዝቅ አድርገህ ተናገር። እኔ ድምፄን በጩኸት ጨርሼ ነው እንዲህ የቀረሁት።» ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ራሷ ከተናገረችው በኋላ ነው የገባትና የሳቀችው። «ሚስትህ ስትሮጥ አታስቁማት፤ ለአንተ ነው የምትሮጠው።»

ቀጥለው ከሙሽሮቹ ቀና ብለው ወደ እሷ ዞሩና አንድ ነገር አሉ። አጭር ነው። ሲስተር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምን አሉ?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ምን አሉ ሲስተር?»

«ይኼኛው የእኔ ነው» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «ምን ታፈጣላችሁ? ልጆቹ ጉልበታቸው ደከመ፣ አስነሷቸው!» ብላ ትሪዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ታደለ ስልክ አውጥተው ሲጽፉላት አላየሁም። ገበያ፣ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ እሷ ለሰው ትናገራለች። አንዳንዴ በመሐል «አይ፣ ይህንስ አልልልህም» ብላ ትቆጣቸዋለች፤ ሰው ይስቃል። እኔም ቤት ቀይሬ ከወጣሁ በኋላ በሄድሁ ቁጥር የማገኘው ይህንኑ ነበር። ጋሽ ታደለ የሚናገሩት በእሷ መሆኑን ሁላችንም ለመድነው፤ ከመልመዳችን የተነሳ እሳቸው ሲያወሩ የምናየው እሷን ነበር።

ያን ቀን ከሚኒባሱ ዘንዘልማ ላይ ስወርድ የለቅሶው ድንኳን ተተክሎ አገኘሁት። ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ከቀብር መልስ ሰዉ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ጋሽ ታደለ ቤዛን ተደግፈው ተነሱ።

አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ረዘም ያለ ነገር ነበር የሚሉት። እንደልማዳቸው አንድ ሐረግ ብለው አረፉ፣ ጠበቁ። ቤዛ በእንባ የራሰ ዓይኗን ጠርጋ ከንፈራቸውን ታያለች። «አባዬ፣ አልገባኝም» አለች። «እንደገና በልልኝ።» እሳቸው እንደገና አሉት።

እኛም ምን እንዳሉ ሲስተር እንድትነግረን፣ ድንኳን ሙሉ ሰው አንገታችንን አዙረን ወደ ጓዳው በር ተመለከትን።